በአጎቴ ስም የተመዘገበው ጥፋቴ

ወናጎ፣ መስከረም 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሼ ሰብስቤ፣

የሰማይ አምላክ በሰው አገር ከብርዱም ከድካሙም ይጠብቅዎት እያልኩ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኛ በጌታ ምሕረት ደህና ነን። እህትዎ እናቴ ገበያነሽም ደህና ነች፤ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አንደበቷን ምንም አልነካውም። «ወንድሜን ለምን አያገባም ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች። ጠይቄያለሁ፤ መልሱን ለራሷ ይጻፉላት።

ዛሬ የምጽፍልዎ ለብር አይደለም። እናቴ ይህን መስመር ብታይ ዓመት ታኮርፈኛለች።

እንደሚያውቁት ከወናጎ ወጣ ባለች ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነኝ። እዚያ ቡናው ይሸጣል፣ እንሰቱ ይበላል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንሰቱ በሽታ ገብቶበታል። አጠውልግ እንለዋለን፤ መሀለኛው ቅጠል ቢጫ ይሆንና ይጠወልጋል፣ ከዚያ ግንዱ ይበሰብሳል። አምስት ዓመት የተጠበቀ እንሰት በሁለት ወር አፈር ይሆናል። ገበሬው «ምን እናድርግ» ሲለኝ ከኮሌጅ ደብተሬ የማነብለት አራት መስመር ብቻ ነው ያለኝ። አራቱንም በቃሉ ይዞታል።

የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ የሆነው ጓደኛዬ አማኑ አንድ ነገር ነገረኝ። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት ኮርስ መስጠት ጀምረዋል አለኝ፤ በነፃ፣ ለፈለገ ሁሉ። በአንድ ክፍል አርባ ሺህ ተማሪ። አላመንኩትም ነበር። ዲላ ኢንተርኔት ቤት ያለው ሙሐሲን ከፍቶ አሳየኝ። በጥቅምት የሚጀምር የእፅዋት በሽታ ኮርስ አለ፣ ስምንት ሳምንት ነው። ቪዲዮው ግን አይከፈትም፤ ክቧ ስትሽከረከር የከፈልኩበት ሰዓት ያልቃል። ማንነቱ የተረጋገጠ ሰርተፍኬት የሚፈልግ ደግሞ በባንክ ካርድ መክፈል አለበት፤ ካርድ የለኝም። ወረቀት ከሌለኝ እዚህ ማን ይሰማኛል? እርስዎ እዚያ ሆነው ያስመዝግቡኝ።

ይህንንም ደብዳቤ በእጄ ጽፌው ሙሐሲን ስካን አድርጎ ነው የሚልክልኝ። የእርስዎንም አትሞ ያቆይልኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ዲላ እወርዳለሁ።

ጤናዎን ጌታ ያብዛልኝ።
የእህትዎ ልጅ ኤልቤቴል


ሆላንድ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለኤልቤቴል፣

ባሕር አቋርጦ የሚሄድ ሰላምታዬ በደህና ያግኝሽ። ስለ ትዳር የጠየቀችውን እህቴን «ቲማቲም አግብቷል፣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» በያት። ውሸት አይደለም። ግሪን ሃውስ የሚሉት የመስታወት ቤት ውስጥ ጠዋት ገብቼ ማታ እወጣለሁ፤ ለቅሜ ሳጥን ውስጥ መደርደር ነው ሥራዬ። ወገቤ ከኔ በፊት ጡረታ ሊወጣ ነው።

ደብዳቤሽ ደስ አሰኘኝ። አንድ ሰው ከአገር ቤት ስለ ባክቴሪያ ሲጽፍልኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። እሑድ ተቀምጬ ምዝገባውን ሞከርኩት። እንዳሰብነው ቀላል አይደለም። ሰርተፍኬቱን የሚፈልግ ፓስፖርቱን ካሜራ ፊት መያዝ አለበት፤ ፊቱንም ያነሱታል። ፈተና ባስገባ ቁጥር ደግሞ «ይህ ሥራ የራሴ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ያስጽፉታል፣ የጣቱን አመታት ሳይቀር ይመዘግባሉ። አንቺ ፓስፖርት የለሽም፣ የሙሐሲን ኮምፒውተር ካሜራ የለውም። ቢቸግረኝ በራሴ ስም መዘገብኩት። ለጊዜው ነው። ሲያልቅ እናስተካክለዋለን። ዋናው ትምህርቱ እንጂ ስሙ ምን ያደርጋል።

የመምህሯ ንግግር በጽሑፍም ይገኛል። በየሳምንቱ እልክልሻለሁ፣ እሱ ቀላል ስለሆነ ይከፈትልሻል። አንቺ መልሱን ደብተር ላይ ጻፊና ላኪልኝ፤ እኔ እንደ ጸሐፊ እየገለበጥኩ አስገባለሁ። ለአንድ ቲማቲም ለቃሚ ሹመት ነው።

አይዞሽ፣ በርቺ።
አጎትሽ ሰብስቤ


ወናጎ፣ ኅዳር 29 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ያለ እርስዎ የማይሆን ነገር እንዲሆን ያደረጉልኝ፣ ጌታ በሄዱበት ሁሉ ይቅደምልዎ። እናቴ ሰላም ብላለች። «ከቲማቲሟ ልጅ አልወለደም ወይ» ብላለች።

ትምህርቱን እንዴት እንደያዝነው ልንገርዎ። በእኛ አገር ማሳውን ብቻውን የሚቆፍር የለም፣ ደቦ ይጠራል። እኔም ጠራሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አማኑ ቤት እኔ፣ እሱና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ እንቀመጣለን። ጽሑፉን አንዱ ያነባል፣ በአማርኛ እንጨቃጨቃለን፣ ሲብስብን በጌዴኦኛ እንጨርሰዋለን። ከዚያ ያመንበትን መልስ እጽፋለሁ። ያቺ «ይህ ሥራ የራሴ ነው» የምትል ዓረፍተ ነገር ግን ቆረቆረችኝ። አማኑን ብጠይቀው፣ «ደቦ የጠራ ሰው ማሳው የኔ ነው ይላል እንጂ የአሥር ሰው ነው ይላል እንዴ» ብሎ አፌን ዘጋኝ። ተዘጋሁለት።

የመጨረሻው ሥራ ድርሰት ነው። በአካባቢህ ያለ አንድ የእፅዋት በሽታ እንዴት እንደተዛመተ ጻፍ ይላል። ይህን በደቦ አልሠራሁትም። በአምስተኛው ሳምንት የላኩልኝን ያስታውሱታል? እንዲህ ያለው የባክቴሪያ በሽታ ከሁሉ በላይ የሚሄደው በሰው እጅና በስለት ነው የሚለውን። እሱን ያነበብኩት ከዲላ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ወናጎ ደርሰን ረዳቱ «ውረጂ እንጂ እህቴ» እስኪለኝ ድረስ አልወረድኩም።

አምና ሰኔ ላይ ገበሬውን ጠርቼ በሽታውን አሳይቼ ነበር። መጀመሪያ አቶ ይርጋ ጓሮ ገባን። የታመመ እንሰት በቢላዬ ቆርጬ ቢጫውን ዝልግልግ ፈሳሽ አሳየኋቸው። ከዚያ ጎረቤታቸው ወደሆነች መበለት ጓሮ ተሻገርን። እንሰቷ የቀበሌው አንደኛ ነበር። «ጤነኛው ደግሞ ይህን ይመስላል» አልኩና በዚያው ቢላ ከሷ ሦስት ቆረጥኩ። ቢላውን በሱሪዬ ጠረግኩት እንጂ አላጠብኩትም፣ እሳትም አላስነካሁትም። የቆረጥኳቸው ሦስቱ ጠወለጉ፣ ሴትዮዋ እነሱን በቆረጠችበት ቢላ ሌሎቹን ነካች፣ እስከ ጥቅምት አርባ ሦስቱም አለቁ። «የእግዜር ቁጣ ነው» ትላለች። ያን ቀን ስላስተማርኩ ቡላ ቋጥራ ሰጥታኛለች። ወስጄ በልቻለሁ።

ይህንኑ ነው የጻፍኩት። እንግሊዝኛውን ያስተካክሉልኝና አንድ ቅጂ ለኔም ይላኩልኝ፤ ነገሩን ግን አይቀንሱ። እውነቱን ልንገርዎ፣ በእርስዎ ስም መሆኑ ደስ ብሎኛል። በኔ ስም ቢሆን አልጽፈውም ነበር። ለእናቴ በስልክ እንዳያነሱባት።

ኤልቤቴል


ሆላንድ፣ ጥር 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለኤልቤቴል፣

የገናውም የጥምቀቱም እንኳን አደረሰሽ ተጠራቅሞ ይድረስሽ። ዘገየሁ። ሥራ በዝቶ ነው።

ድርሰቱን እርስ በርሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው የሚያርሙት። ዘጠና ስድስት ከመቶ አገኘ። አንዱ አራሚ ኡጋንዳዊ ነው መሰለኝ፣ «እኛም ሙዛችንን በዚሁ ዓይነት ቢላ ነው የገደልነው፣ እንዲህ አድርጎ የተናገረው ሰው ግን አልነበረም» ብሎ ጽፏል። እንኳን ደስ አለሽ። እንግሊዝኛውን ብዙ ነው ያስተካከልኩት፤ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ሰርተፍኬቱ ገና አልመጣም። ሲመጣ አሳውቅሻለሁ።

የእኔም ሥራ ትንሽ ተቀይሯል፤ አሁን ብዙ አልጎነበስም። ለእህቴ ጉልበት መታከሚያ ልኬያለሁ። ከሌላው ጊዜ ከፍ ያለ ነው፣ ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ። ለአንቺም ጫማ የሚሆን አለበት።

ሰብስቤ


ወናጎ፣ የካቲት 15 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

የሰጪ እጅ አይንጠፍ እያልኩ እጅ እነሳለሁ። እናቴ ሐዋሳ ሄዳ ታክማለች፣ አሁን ደረጃ ትወጣለች። ጫማውንም ገዝቻለሁ፤ ለጭቃ የሚሆን ነው፣ ቢያዩት አይወዱትም።

አሁን የምጠይቅዎ ከብር ይበልጥብኛል። ዲላ ላይ አንድ የእንሰት በሽታ ፕሮጀክት ተከፍቷል። የዞኑን ቀበሌዎች እየዞረ ስለትን በእሳትና በበረኪና ማጽዳት የሚያስተምር አንድ ሰው ይፈልጋሉ። አንድ ብቻ። ማስታወቂያው «በእፅዋት በሽታ ሥልጠና ስለመውሰዱ ማስረጃ የሚያቀርብ» ይላል። ምዝገባው መጋቢት 15 ያልቃል። ሰርተፍኬቱ በእርስዎም ስም ቢሆን ይላኩልኝ፤ ሥራውን የሠራችው እሷ ናት የሚል ደብዳቤ ይጻፉልኝ፣ ወይም ስሙን እንዲቀይሩት ይጠይቋቸው። አማኑም ይመሰክርልኛል።

ጋሼ፣ ደመወዙ አይደለም የሚያስለምነኝ። በዚያች ሴትዮ ደጅ ባለፍኩ ቁጥር «ግቢ እንጂ» ትለኛለች፤ አልገባም፣ እቸኩላለሁ እላለሁ። ይህን ሥራ ካገኘሁ የሌላውን እንሰት አድኜ ቀና ብዬ አያት ይሆናል ብዬ ነው።

ኤልቤቴል


ወናጎ፣ መጋቢት 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምዎን እየተመኘሁ። ደብዳቤዎ አልደረሰኝም። ሙሐሲንን በየቀኑ ደውዬ አሰልችቼዋለሁ፤ «እህቴ፣ ከመጣ በእግሬም ቢሆን አመጣልሻለሁ» ብሎኛል። ሦስት ቀን ቀርቷል። በስልክም አላገኝዎትም። አሞዎት ይሆን?

ኤልቤቴል


ሆላንድ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለኤልቤቴል፣

እንዴት ከረማችሁ። እዚህ ብርዱ ሊለቅ ነው፤ አበባው እንደ ጉድ ነው የፈነዳው፣ ሰው ሁሉ በብስክሌት ወጥቷል። ዘንድሮ ከወትሮው የቀደመ ነው ይላሉ።

ሰርተፍኬቱን ያልሽው፣ እነዚህ ሰዎች አልላኩትም። ሁለቴ ጻፍኩላቸው። ከተላከም ስም መቀየር አይቻልም የሚሉ ይመስለኛል። የኢንተርኔት ነገር እንዲህ ነው፣ የምታናግሪው ሰው የለውም። ቀኑ በማለፉ አዝኛለሁ። ሌላ ሥራ አይጠፋም፣ ገና ልጅ ነሽ።

ለትንሣኤ ብዬ ጥቂት ልኬያለሁ። በግ ግዙ።

ሰብስቤ


ወናጎ፣ ኅዳር 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአቶ ሰብስቤ፣

ጤናዎን እመኛለሁ።

ዲላ የነበረውን ሥራ ሌላ ሰው እንደወሰደው ነግሬዎት ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ነው፣ እንሰትና ሙዝ ለመለየት አንድ ሳምንት ፈጅቶበታል። ያልነገርኩዎት በመስከረም ያው ኮርስ በድጋሚ ሲከፈት በራሴ ስም መመዝገቤን ነው። ያለ ካሜራ፣ ያለ ክፍያ፣ በነፃው። ሰርተፍኬታቸው ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ አምኜ፣ ስሜ ቢያንስ በአንድ መዝገብ ላይ እንዲኖር ብዬ ነው። ስምንቱን ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ ጨረስኩ። ለመጨረሻው ሥራ ያንኑ ድርሰቴን አስገባሁ፤ እርስዎ አስተካክለው የላኩልኝን ቅጂ።

ሦስቱም አራሚዎች ዜሮ ሰጡኝ። አንዷ «ይህ በምሳሌነት ከተሰጠን ድርሰት ቃል በቃል የተገለበጠ ነው፣ የሌላውን ሰው ሐዘን መስረቅ ያሳፍራል» ብላ ጻፈችብኝ። ምን ምሳሌ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር፤ ጽሑፉን ብቻ ነው የማወርደው። ሙሐሲን ገጹን ከፈተው፣ ቀስ ብሎ ከላይ ወደ ታች ተገለጠ። መጀመሪያ ስምዎ መጣ። ቀጥሎ ፎቶዎ፣ ነጭ ጋዋን ለብሰው በቲማቲሞቹ መሀል ቆመው። ከሥሩ «ባለፈው ዓመት በታህሳስ ሰርተፍኬቱን ያገኘው ሰብስቤ በዚህ ኮርስ አማካይነት ዛሬ የሰብል ጤና ተቆጣጣሪ ሆኗል» ይላል። ከዚያ የኔ ድርሰት። ቢላው፣ ሱሪዬ፣ ቡላው።

ሙሐሲን «አጎትሽ አይደሉም እንዴ» አለኝ። የስም መመሳሰል ነው አልኩት። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

የጻፉልኝን ደብዳቤዎች ከቀናቸው ጋር እንደገና አንብቤያቸዋለሁ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት በኢንተርኔትም ይሠራል ለካ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብርም አይላኩ።

ኤልቤቴል


ሆላንድ፣ ታህሳስ 2 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለኤልቤቴል፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም። እህቴን ግን ሰላም በያት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉ እሰማ ነበር። የጠራብኝ እኔ ላይ ነው። እንደሆነው ልንገርሽ፤ አላሳምረውም።

በየሳምንቱ ካሜራው ፊቴን ያነሳል፣ «ይህ ሥራ የራሴ ነው» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍረኝ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት አላሳፈረኝም። የአንቺን መልስ ስገለብጥ እኔም ትንሽ ትንሽ ይገባኝ ጀመር፣ የመስታወት ቤቱንም ቅጠል እያገላበጥኩ አይ ነበር። አምና ኅዳር ላይ አለቃዬ ማስታወቂያ ለጠፈ። የሰብል በሽታ የሚለይ ሰው ከሠራተኛው መሀል እፈልጋለሁ አለ። ሰርተፍኬቱ ታህሳስ 28 ቀን መጣ። ገና ነው ብዬ ስጽፍልሽ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። በመጣ በማግስቱ ከድርሰቱ ጋር ለአለቃዬ አሳየሁት።

ስለ ድርሰቱ ጠየቀኝ። የእህቴ ልጅ ጽፋው ነው ማለት አራት ቃል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። አልወጣኝም። ቢላውን የያዝኩት እኔ ነኝ ብዬ ተረኩለት፣ ለስደት የወጣሁትም ከዚያ በኋላ ነው ብዬ ጨመርኩበት። ስናገር አለቀስኩ። እንባው እውነተኛ ነበር ኤልቤቴል፣ ይኼ ነው የሚያስፈራኝ። ሰውየው ትከሻዬን ያዘኝ። በዚህ አገር አሥራ አንድ ዓመት ስኖር ትከሻዬን የያዘኝ ሰው አልነበረም። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ፤ እኔን አደመቀኝ።

አንቺ በየካቲት ስትጽፊልኝ የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ደብዳቤውን ብጽፍልሽ ወደ ሳጥኑ እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ። ስልክሽን እያየሁ አላነሳሁትም። መጋቢት 15 እንዲያልፍ ጠበቅኩ። ሲያልፍ ቀለለኝ፤ ከዚያ የአበባውን ነገር ጻፍኩልሽ። ድርሰትህን በምሳሌነት እንጠቀምበት ሲሉኝም እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ፎቶውንም መርጬ የላክሁት እኔ ነኝ። የላክኋት ብር ሁሉ ከዚያ ደመወዝ የወጣች ናት። ለእናንተ የምሰጣችሁ ይመስለኝ ነበር።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሳምንት ለኮርሱ ሰዎች ጻፍኩ። ሰርተፍኬቱን ሰርዘዋል፣ ምሳሌውንም አንስተዋል። በአንቺ ስም ስጡልኝ ብላቸው፣ ማንነቷ ስላልተረጋገጠ አይቻልም አሉ። አለቃዬ ዘንድም ገባሁ። ያባርረኛል ብዬ ዕቃዬን በቦርሳ ይዤ ነው የገባሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «ሥራውን እስከቻልክ ወረቀቱ የማንም ቢሆን ምን ገደደኝ፣ አንድ ዓመት ሙሉ አልተሳሳትክም» አለኝና ወደ ስልኩ ዞረ። ያ ትከሻዬን የያዘ ሰው። ቅጣት እንኳ አልሰጠኝም። ቦርሳዬን ይዤ ወደ ቲማቲሞቹ ተመለስኩ።

ልልቀቅ? ንገሪኝና እለቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ብያለሁ ግን።

ሰብስቤ


ወናጎ፣ ጥር 16 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለሰብስቤ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እናቴ ደህና ነች። አሁን ሁሉን ታውቃለች፣ ነግሬያታለሁ። ሁለት ቀን አልተናገረችም፤ ለእናቴ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቅዳሜ እዚያው ሙሐሲን ቤት ቁጭ ብዬ ስድብ ጻፍኩልዎ። ሦስት ገጽ ሞላሁ። አንድ ቦታ ላይ «ጥፋትን እንኳ የሚሰርቅ ሰው አየሁ» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ማን ሰጠዎት? እኔው ነኝ። በእርስዎ ስም መሆኑ ደስ ብሎኛል ያልኩት እኔ ነኝ። ድርሰቱን ስንት ሺህ የማላውቀው ሰው አነበበው፣ ኡጋንዳ ያለ ሰው አዘነበት፣ አለቃዎ ሰሙት፣ ከቢሮዬ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ያለችው ሴት አልሰማችም። የዲላውን ሥራ ባገኝም ኖሮ አልነግራትም ነበር። ሹመቴን ለብሼ «እንዴት ዋሉ» ብዬ አልፋት ነበር።

ስለዚህ ሄድኩ። አሰገደች ጂግሶ ትባላለች። ጓሮዋ ውስጥ የሞቱትን ጉቶዎች ቆፍራ ቀብራቸው ባዶውን መሬት ጎመን ዘርታበት ስትኮተኩት አገኘኋት። ቆሜ ነገርኳት፣ በጌዴኦኛ፤ አማርኛው ማምለጫ፣ መደበቂያ ይሆነኛል ብዬ ፈራሁ። ስለ ቢላው፣ ስለ ሱሪዬ፣ ስለ ባክቴሪያው፣ ለውጭ ሰዎች ስለጻፍኩትም ድርሰት። ስጨርስ ጎመኗን መኮትኮት ቀጠለች። ሂጂም ግቢም አላለችኝም። አንድ መደብ ጨርሳ ሁለተኛውን ስትጀምር ነው የተናገረችው።

«ይኼን ለፈረንጆቹ ጻፍሽላቸው?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«አምና በኅዳር።»

«ጎረቤት ሆነሽ በእግርሽ ለመምጣት ዓመት ፈጀብሽ» አለች። «እኔንስ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽኝ?»

«አንዲት መበለት ብዬ።»

መኮትኮቻዋን መሬት ላይ ተከለችው። «ባሌ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ እሱን አንቺ አልገደልሽውም። አንቺ የገደልሽው እንሰቴን ነው። እኔ ስም የለኝም? በይ እንደገና ጻፊው። አሰገደች ጂግሶ አርባ ሦስት እንሰት ነበራት በይ። ማን እንደገደለባትም ጻፊ። እዚሁ ደግሞ፣ ቀበሌው ስብሰባ ላይ፣ በአፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔ መጥቼ እሰማለሁ።»

ተናገርኩ። ባለፈው ረቡዕ፣ አቶ ይርጋም ሁሉም ባሉበት። አንዳንዱ ሰደበኝ፣ አንዳንዱ የራሱን ጓሮ ማሰብ ጀመረ። አለቃዬ «ምን ቆርጦሽ ነው፣ መሥሪያ ቤቱን አሰደብሽ» ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፎብኛል። ከስብሰባው በኋላ ግን ስድስት ሴቶች ቢላቸውን ይዘው መጡና እሳት እንዴት እንደሚያስነኩት ጠየቁኝ። አሰገደች አልጠየቀችኝም። ቅዳሜ ችግኝ ይዤ ስሄድ ተቀብላኛለች፤ ቡላ አልሰጠችኝም፣ ውሃ ግን ሰጥታኛለች። ለምግብ እስኪደርስ አምስት ዓመት ነው። አምስት ዓመት እሄዳለሁ።

ስለ ሥራዎ ለጠየቁኝ፣ አይልቀቁ። ቢለቁ ለኔ የሚመጣ ነገር የለም። አለቃዎን ካልገደዳቸው እኔን ገዶኛል፤ እሱን ይያዙት። ይቅር ብያለሁ ብዬ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ገና ነኝ። ከአሰገደች ያላገኘሁትን እኔ ለእርስዎ ለመስጠት መቸኮል አልፈለግኩም። ለእናቴ ግን ይደውሉላት፣ ወንድሟ ነዎት።

ኮርሱ በየካቲት ለሦስተኛ ጊዜ ይከፈታል፤ ተመዝግቤያለሁ። በዚህ ዙር ከስድስቱ ሴቶች የሁለቱ ልጆችም ከእኛ ጋር ይቀመጣሉ፣ አማኑ ቤት ጠቦናል። አዲሱን ድርሰት ጀምሬዋለሁ። እንግሊዝኛው እንደተሰባበረ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ያንብቧቸው እንጂ እንዳያስተካክሏቸው።

«አሰገደች ጂግሶ አርባ ሦስት እንሰት ነበራት። የገደልኩባት እኔ ኤልቤቴል ነኝ።»